ዝቅ ባለ ስፖርት መኪና ከጎንደር ስትወጡ፦ ጎማ ሳይተነፍስ በፊት የሚሠራው ሥራ

ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትርፍ ጎማ የሌላቸው ብዙ ስፖርት መኪኖች ደግሞ ጎማ ከተነፈሰባቸው በኋላ መሄድ የሚችሉት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። እኩሌታ ላይ ቢተነፍስ ወደ ፊትም ወደ ኋላም 90 ኪሎ ሜትር ይቀራችኋል። በመሀል ማክሰኝት፣ እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመንና ወረታ አሉ፤ ጎሚስታም አይጠፋም። ግን እዚያ ያለው ባለሙያ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው የአይሱዙ፣ የሚኒባስና የባጃጅ ጎማ ነው። 18 ኢንች ቸርኬ ላይ የተወጠረ ስስ ጎማ ይዛችሁ ብትመጡ ለመርዳት ቢፈልግም መሣሪያው ላይኖረው ይችላል። የእናንተ ልክ የሆነ ጎማ ማግኘትማ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ የዝቅተኛ መኪና የጎማ ጣጣ የሚያልቀው ከመነሳት በፊት፣ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት ለስፖርት መኪና ቢሆንም ትልቅ ቸርኬ ላለው ማንኛውም የቤት መኪና ይሆናል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ ከመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ ስለሌላቸው የእነሱም ባለቤቶች ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

መጀመሪያ መኪናችሁ ምን እንደያዘ እወቁ

ዕቃ መጫኛውን ክፈቱና ምንጣፉን አንሱ። ከአራት ነገሮች አንዱን ታገኛላችሁ።

አንደኛው ጎማ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እና ብዙ ፖርሽ 911 መኪኖች የሚመጡት እንዲህ ነው። ፈሳሹ የሚሠራው ሚስማር ወይም እሾህ መሬት በሚነካው የጎማ ክፍል ላይ ለበሳው ቀዳዳ ነው፤ እሱም እስከ 6 ሚሊ ሜትር ድረስ ነው። የጎማው ጎን ከተቀደደ ምንም አይፈይድም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን አንብቡ። ብዙውን ጊዜ ከ4 ዓመት ገደማ በኋላ ጊዜው ያልፋል። መኪናው ያገለገለ ሆኖ ከውጭ የገባ ከሆነ ጠርሙሱ ካለፈበት ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ራን ፍላት የሚባለው ጎማ ነው። ብዙ ቢኤምደብልዩዎች ይዘውት ይመጣሉ። ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ንፋሱ አልቆም መኪናውን ይሸከማል። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ካልበለጣችሁ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ሁለት ነገር ግን አጣሩ። አንደኛ፣ የንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራቱ መሥራቱን፤ ራን ፍላት ሲተነፍስ መሪው ላይ ብዙም አይታወቅም። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ባለቤት በተራ ጎማ ቀይሮት እንዳይሆን። ቀይሮት ከሆነ ያላችሁ መስሏችሁ ባዶ እጃችሁን ነው የምትወጡት።

ሦስተኛው ጠባቡ ትርፍ ጎማ ነው። ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ ወይም 4.2 ባር ንፋስ ይፈልጋል፤ ዓመታት ተቀምጦ ግን ግማሹ እንኳ ላይኖር ይችላል። ትልቅ ፍሬን ያላቸው መኪኖች ላይ ጠባቡ ቸርኬ የፊቱን ፍሬን ነክቶ አልገባ ሊል ስለሚችል ቤት ሆናችሁ ፊትም ኋላም አስገብታችሁ ሞክሩት። ሞተሩ በሚያዞረው እግር ላይ ከማሰራችሁ በፊት ደግሞ የመኪናውን መጽሐፍ እዩ። የግራና የቀኝ ጎማ ቁመት ካልተመጣጠነ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ይግላል፤ ይጎዳል።

አራተኛው ምንም አለመኖሩ ነው። ይህም ያጋጥማል።

ለእኛ መንገድ እኔ የምመርጠው ሙሉ ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው ነው። ችግሩ ሁለት መቀመጫ ባለው መኪና ውስጥ ቦታ የለም። በዚያ ላይ እንደ 911 የኋላ ጎማቸው ከፊቱ የሚሰፋ መኪኖች አሉ፤ አንድ ትርፍ ለሁለቱም አይሆንም። ለዚህ ያለን መፍትሔ እዚሁ የለመድነው ነው። ትርፍ ጎማውን ከነቸርኬው፣ ንፋሱን ሞልታችሁ፣ ጎንደር ቤተሰብ ዘንድ አስቀምጡ። የፊትና የኋላው ልክ ከተለያየ ላዩ ላይ በጠመኔ ጻፉበት። የሆነ ነገር ከተፈጠረ ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ መናኸሪያ ወስዶ በዚያ መስመር በሚሄድ ሚኒባስ ይጭነዋል። የሹፌሩን ስልክና የታርጋ ቁጥሩን ይልክላችኋል። ከየትኛውም ጠርሙስ ይልቅ የምተማመነው በዚህ ነው። ቤት የሚቀረው ሰው ግን አስቀድሞ ይወቅ፤ ስልኩም ክፍት ይሁን።

ጎማውን ራሱን መመርመር

ይህን ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት አድርጉት። ጎማ መቀየር ካስፈለገ ልኩ ጎንደር ውስጥ ላይገኝና ከአዲስ አበባ ማስላክ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ጎኑ ላይ 225/40 አር 18 የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለ። 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 40 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ ነው ማለት ነው። ከቸርኬው እስከ አስፋልቱ ያለው ላስቲክ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። 195/65 የሆነ ተራ የቤት መኪና ጎማ ወደ 12.7 ሴንቲ ሜትር አለው። ጉድጓድ ስትገቡ ያቺ የጎደለችው 3.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት ቸርኬውን የምታስመታው።

ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ። 2321 ካለ በ2021 በፈረንጆች በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከ6 ዓመት በላይ የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በባለሙያ ይታይ። 10 ዓመት የሞላው ምንም ቢመስል ይቀየር።

ጥርሱን ስታዩ ውጩን ብቻ እንዳታዩ። የስፖርት መኪኖች ጎማ ወደ ውስጥ ዘመም ብሎ ስለሚታሰር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የውስጠኛው ጠርዝ ነው። ከውጭ አዲስ የሚመስል ጎማ ከውስጥ ሽቦ አውጥቶ ይገኛል። መሪውን እስከ ጥግ አዙሩና የፊቶቹን እዩ። ለኋላዎቹ ተንበርከኩና በባትሪ አብሩ። 1.6 ሚሊ ሜትር የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ለረጅም መንገድ ግን እዚያ የደረሰ ጎማ ይዛችሁ አትውጡ። ጎኑ ላይ እብጠት ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። ይህ አይጠገንም።

ንፋሱን ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኩ። ትክክለኛው መጠን በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ጎማው ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው፤ እሱን አትከተሉ። የራሳችሁ መለኪያ ይኑራችሁ።

ወደ መተማ ለሚወርድ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የጎማ ንፋስ ወደ 2 ፒኤስአይ ይጨምራል። ጎንደር በጠዋቱ ብርድ የሞላችሁት ጎማ ቆላው ውስጥ፣ በዚያ ላይ አስፋልቱ አግሎት፣ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ደንግጣችሁ አታስተንፍሱት። ያስተነፈሳችሁት ጎማ ደጋ ሲመለስና ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል። በጉዞ ላይ ጎማ የሚያፈነዳው ብዙውን ጊዜ የንፋስ ማነስ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሲተጣጠፍ ይግላል፤ ሲግል ይፈነዳል።

የምትይዙት ዕቃ

መድፈኛ ክር ከነመሞረጃውና ማስገቢያው፣ ፒንሳ፣ ከመኪናው 12 ቮልት የሚሠራ ኮምፕሬሰር፣ የንፋስ መለኪያ። እነዚህ ከሁሉ ይቀድማሉ። ከዚያ ጎማ መፍቻ፣ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ሁለት አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ በትንሽ ጠርሙስ የሳሙና ውኃ። አንድ ባዶ ማዳበሪያም ጨምሩ። የወለቀው ሰፊ ጎማ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አልገባ ካለ ከሹፌሩ አጠገብ ያለው መቀመጫ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ክሪኩ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከሌላ መኪና የተዋሳችሁት ክሪክ ዝቅ ባለ መኪና ሥር አይገባም። ጎማው ሲተነፍስ ደግሞ መኪናው ይበልጥ ይወርዳል። ዝቅ ያለ ክሪክ ግዙ። ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት አጫጭር ሳንቃዎችም ያዙ። አንዱ የተነፈሰውን ጎማ አውጥታችሁ የምትቆሙበት ነው፤ ክሪኩ እንዲገባ ቦታ ይሰጣል። ሌላው ለስላሳ አፈር ላይ ከክሪኩ ሥር ይነጠፋል።

ብዙ ስፖርት መኪኖች በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በተለየ ቁልፍ ብቻ የሚፈታ አንድ ቡሎን አላቸው። ያ ቁልፍ ትንሽ ናት፤ ጎሚስታ ጋ ተረስታ ትቀራለች። አሁኑኑ ፈልጓት። ከሌለች ሌላው ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጎማው አይወልቅም።

ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ሞክሩት

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አንዱን ጎማ እስኪላሽቅ አስተንፍሱ። ሳትነዱት፣ በቆመበት ክሪኩን አስገቡ። ይገባል? የሚያርፍበትን ቦታ በመጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አስተያዩ። ከሥር ያለ ፕላስቲክ ላይ ወይም በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ላይ ክሪክ መትከል ከጎማው የሚበልጥ ኪሳራ ያመጣል።

ቡሎኖቹን ፍቱ። በእጃችሁ አልፈታ ካሉ ጎሚስታው በቧንቧ አስረዝሞ አጥብቋቸዋል ማለት ነው። እንደገና በመጽሐፉ ልክ አሳስሯቸው። ከዚያ ጎማውን በራሳችሁ ኮምፕሬሰር ሙሉት፤ መኪናውንም አስነሱ፣ ባትሪው እንዳይደክም። ትንንሽ ኮምፕሬሰሮች ቶሎ ስለሚግሉ በመሀል ማሳረፍ ያስፈልጋል። ይህን መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ሆኖ ከማወቅ ቤት ማወቅ ይሻላል።

መንገዱን ምረጡ

ወደ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን ታልፋላችሁ። እስከ ደባርቅ አስፋልት ነው። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ወደ ሳንቃበር የሚገባው ግን ኮረኮንች ነው። እዚያ በስፖርት መኪና አትግቡ። ስለታም ድንጋይ የስስ ጎማን ጎን ይቀደዋል፤ የመኪናው ሆድም ይመታል። መኪናውን ደባርቅ አቁሙና ከፍ ያለ መኪና ተከራዩ። የመተማው መንገድ አዘዞ ላይ ተገንጥሎ በአይከል በኩል ይወርዳል። ቁልቁለቱና ሙቀቱ ጎማውንም ፍሬኑንም ስለሚያግላቸው እያሳረፋችሁ ሂዱ።

በምትነሱበት ቀን መንገዱ ሰላምና ክፍት መሆኑን ከዚያው ከመጣ ሹፌር ጠይቁ። በጊዜ ውጡ፤ ሳይመሽ ግቡ። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ የከተማው መንገድ ይጨናነቃል፤ በበዓሉ ቀን ጎሚስታዎችም ይዘጋሉ። ሥራችሁን ከዋዜማው በፊት ጨርሱ።

ስትነዱ

የእኛ መንገድ ትልቁ የጎማ ጠላት ጉድጓድ ሳይሆን የተረሳ ድንጋይ ይመስለኛል። የከባድ መኪና ሹፌር ሲበላሽበት ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ከኋላው ለማስጠንቀቂያ ይደረድራል። ጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ላንድ ክሩዘር በሁለት ጎማው መሀል አሳልፎት ይሄዳል። እናንተ አትችሉም፤ ሆዳችሁ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቁ። ተጠግታችሁ ከነዳችሁ ድንጋዩን የምታዩት እሱ ካለፈው በኋላ ነው።

ጉድጓድ ማምለጥ ካልቻላችሁ ከመድረሳችሁ በፊት ፍሬን ያዙ፤ ልትገቡ ስትሉ ልቀቁት። ፍሬን እንደያዛችሁ ከገባችሁ የመኪናው ክብደት ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። በክረምት ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ ኩሬ ካያችሁ ቀስ በሉ። ኃይለኛ ምት ካገኛችሁ ቀጣዩ ሜዳ ላይ ቁሙና ጎማውን ከውስጥም ከውጭም እዩ።

ሲተነፍስ

በፍጥነት ላይ ከፈነዳ መሪውን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ፍሬን አትርገጡ። ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁና መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስ።

ኩርባ ላይ ወይም ዳገት ላይ አትቁሙ። ጎማው ቢበላሽም እንኳ በዝግታ ሜዳና ቀጥ ያለ ቦታ ድረስ ሂዱ። ጎማ ይተካል። የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ ማርሽ ውስጥ አስገቡ፤ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ከተነፈሰው ጎማ በሰያፍ ያለውን ጎማ በድንጋይ አስደግፉ። ያንን ድንጋይ ስትነሱ አንሱት። አደራ!

መድፈን ይቻል እንደሆነ እዩ። ሚስማሩን ወዲያው አትንቀሉት። መጀመሪያ ኮምፕሬሰሩንና ክሩን አዘጋጁ። ቀዳዳው መሬት በሚነካው ክፍል መሀል ከሆነ ይደፈናል፤ ትከሻው ወይም ጎኑ ላይ ከሆነ ተዉት። ሚስማሩ የገባበትን አቅጣጫ አስተውሉና በፒንሳ ሳቡት። መሞረጃውን በዚያው አቅጣጫ አስገብታችሁ ቀዳዳውን አጽዱ። ክሩን በማስገቢያው ቀዳዳ አሳልፉት፣ ማጣበቂያ ቀቡትና ጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር ግፉት። ማስገቢያውን በአንዴ ሳቡት፤ ክሩ ውስጥ ይቀራል። ሙሉትና የሳሙና ውኃ አፍስሱበት። አረፋ ከሌለ ተደፍኗል።

ፈሳሹን የምትጠቀሙት ይህ ካልሆነ ብቻ ነው። ጎማውን ያጨማልቃል፤ ውስጥ ያለውን የንፋስ መቆጣጠሪያ ሊያበላሽ ይችላል። በፈሳሽ ከሆነ ሚስማሩን አትንቀሉት። ከሞላችሁ በኋላ ወዲያው ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ፈሳሹ እንዲዳረስ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ቆማችሁ ለኩ። ከ1.3 ባር በታች ከወረደ ቀዳዳው ከአቅሙ በላይ ነው፤ አትቀጥሉ።

ጎማ የምትቀይሩ ከሆነ መኪናውን በክሪክ ከማንሳታችሁ በፊት ቡሎኖቹን ግማሽ ዙር አላልሏቸው። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር እጃችሁንም አታስገቡ። ስታስሩ በሰያፍ፣ በየተራ እሰሩ፤ የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናው መሬት ሲነካ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁ።

የተጎዳ ሰው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው።

የትንሽ ከተማ ጎሚስታ ጋ

አክብራችሁ ግን ግልጽ ሆናችሁ ተናገሩ። «ወንድሜ፣ ማሽን ከሌለህ ጎማውን ከቸርኬው አታውጣው፤ ከውጭ በክር ድፈንልኝ።» በብረት ማንሻ የሚወጣ ስስ ጎማ ከንፈሩ ይቀደዳል፤ ቸርኬውም ይጫራል። ካላማዳሪ፣ ማለትም ንፋስ የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ፣ ላስገባ ካላችሁ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ስስ ጎማ ውስጥ የገባ ካላማዳሪ ይታሻል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል። የታጠፈ ቸርኬ በመዶሻ እንዲመታም አትፍቀዱ፤ የብረት ቸርኬ ይመለሳል፣ የአሉሚኒየሙ ግን ይሰነጠቃል። ለከባድ መኪና በተዘጋጀ ኮምፕሬሰር ሲሞላ አጠገቡ ቁሙና በራሳችሁ መለኪያ ለኩ። ፈሳሽ ከጨመራችሁበት ሳይከፍተው በፊት ንገሩት።

ጎንደር ስትመለሱ በክር የተደፈነውን ጎማ ማሽን ያለው ጎሚስታ ጋ አስወልቁና ከውስጥ አስለጥፉት። ያለ ንፋስ የተነዳ ራን ፍላት ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ መለጠፍ ሳይሆን መቀየር ነው። ባላንስና አላይመንት አሠሩ። የተጠቀማችሁበትን ጠርሙስ ተኩ፤ ክሩን ቁጠሩና የጎደለውን ሙሉ። የቡሎኑን ቁልፍ ከጎሚስታው እጅ ተቀብላችሁ ቦታው ላይ መልሱ።